ከአሞራ ገደል እስከ አንታርክቲካ፦ የተፈጥሮ ክበባችን በ2017 ዓ.ም.

የዘንድሮ ሥራችን የተጀመረው በአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወፍ ልንቆጥር ወጥተን ነበር። አባ ኮዳዎቹ እንደ ልማዳቸው የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ቆመዋል። ከነሱ ወዲያ፣ ጀልባዎቹ ላይ፣ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ፣ እግራቸው ቢጫ የሆኑ ወፎች ይዞራሉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ክንዴን ነካ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ እነዚህ ክረምት ላይ አልነበሩም። የት ከርመው ነው የመጡት?" አለችኝ።

ጋል የሚባሉ የባሕር ወፎች ናቸው። እንቁላል የሚጥሉት ሩቅ ሰሜን ነው። ፊንላንድ ውስጥ ጂፒኤስ የታሰረላቸው የዚሁ ዝርያ ወፎች እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ እንደሚወርዱ ታውቋል። የኛዎቹ ከየት አገር እንደመጡ ግን በዓይን ብቻ አይለይም። ቀለበት ወይም መሣሪያ ካላሰሩ ሁሉም አንድ ናቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የወፍ ቆጠራው ብቻ አልበቃቸውም። የባሕር ወፎች መንገድ እንዴት ይታወቃል የሚለውን ዓመቱን ሙሉ ያዙት።

መጀመሪያ ያነበብነው አርክቲክ ተርን ስለምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ ነው። ክብደቷ 100 ግራም ገደማ ነው። ተመራማሪዎች ከግሪንላንድና ከአይስላንድ 11 ተርኖችን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተሙ። ወፎቹ ወደ አንታርክቲካ ደርሰው ሲመለሱ በዓመት በአማካይ 70,900 ኪሎ ሜትር በረዋል። እግራቸው ላይ የታሰረው መሣሪያ 1.4 ግራም ይመዝናል። ይህን በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሚዛን ላይ በቡና ፍሬ ለካነው። ዐሥር ፍሬ ገደማ ሆነ። ልጆቹ ፍሬዎቹን እጃቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ።

መሣሪያው ጂፒኤስ አይደለም። ብርሃንና ሰዓት ብቻ ነው የሚመዘግበው። የቀኑ እኩሌታ ስንት ሰዓት ላይ እንደዋለ ሲታይ ወፏ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዳለች ይታወቃል። የቀኑ ርዝመት ደግሞ ሰሜንና ደቡቡን ይነግራል። መስከረምና መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት በየትም አገር እኩል ስለሚሆኑ ያኔ ሰሜንና ደቡቡ ይጠፋል።

ማመን ያቃታቸው ነበሩ። ስለዚህ ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሜትር ዱላ ተከልን። ከ6 ሰዓት ጀምረን የጥላውን ጫፍ በየሁለት ደቂቃው በጠመኔ ምልክት አደረግን። ጥላው ከሁሉ ያጠረው 6 ሰዓት ከ28 ላይ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ እዚያ ቢሆን ኖሮ ጥላው የሚያጥረው 6 ሰዓት ላይ ነበር። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ወደ ምዕራብ ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። 28ን ለ4 ስናካፍል 7፣ ከ45 ስንቀንስ 38። ሐዋሳ ያለችው 38 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው! በዱላና በጠመኔ የሳትነው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የዚያን ቀን ጩኸት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ተሰምቷል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተለወጠ። መንገዱ ታወቀ፤ ለወፏ ምን ጠቀማት? ተርኖቹ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሰሜን አትላንቲክ መሐል ለሳምንታት እንደሚቆዩ የታወቀው በዚያው ጥናት ነው። በዚያው የውቅያኖስ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 600,000 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚጠጋ ጥብቅ ሥፍራ ተከለለ። ከኢትዮጵያ ግማሽ ይበልጣል። ለመከለሉ ማስረጃ የሆነው የወፎቹ መንገድ ነው።

አልባትሮስ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ በተመለከተ ብዙ ተወያይተናል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሳተላይት የተከታተላቸው ወንዶች፣ ሚስቶቻቸው እንቁላል ታቅፈው ሳሉ፣ ለአንድ የምግብ ጉዞ ከ3,600 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር በረዋል። በዚያ መንገድ ላይ ሺህ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ የሚጥሉ መርከቦች አሉ። ወፉ መንጠቆው ላይ ያለውን ምግብ ሲነክስ ገመዱ ይዞት ይሰምጣል። በናሚቢያ ከመርከቡ ኋላ፣ ወፎቹን የሚያስፈራራ ባለ ቀለም ሪባን የተንጠለጠለበት ገመድ መጎተት ግዴታ ሆነ። ገመዱን ዋልቪስ ቤይ በምትባለው የአገሪቱ ወደብ ያሉ የሴቶች ቡድን አባላት ይሠሩታል። የባሕሩን ወለል በረጅም ገመድ በሚያጠምዱት መርከቦች ላይ የወፎቹ ሞት 98 በመቶ ቀነሰ።

ይህን ባነበብን በሳምንቱ፣ ጥር ላይ፣ እግሯ በናይሎን ክር የተተበተበ ጋል መረብ ማስጫው ላይ አገኘን። ክሩ ቆዳዋን በልቶት ነበር። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጃኬታቸውን አውልቀው ሸፈኗት። "ልጄ፣ ዓይኗን ሸፍኚው፣ ዝም ትላለች" አሏት ያቺን የ9ኛ ክፍል ልጅ። እውነትም ዝም አለች። ቆሮሶ ዓሣ በሚያጸዱበት ቢላ ክሩን ቆረጡላት። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቆጠራው በፊት ክር ይለቅማሉ። እስከ ሰኔ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሰብስበዋል።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ጋል ባለ ቀለም ቀለበት አድርጎ አየን። ያለን አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁለት ፊደል ብቻ አንብበን ተነሥቶ በረረ። ሙሉውን ብናነብ ኖሮ ያሰረለትን ሰው ማግኘት እንችል ነበር። በጣም ቆጨን። ሚያዝያ ላይ አንድም አልቀረም፣ ሁሉም ሄደዋል።

ወላጆች ቤታችሁ የተቀመጠ የሩቅ ማያ መነጽር ካለ ለክበቡ አውሱን። ጋሎቹ ጥቅምት ላይ ሲመለሱ መረብ ማስጫው አጠገብ ሆነን እንጠብቃቸዋለን። አዛውንቱ ቦታ እንደሚይዙልን ነግረውናል።