«ተማሪ ተኮር» ትምህርት በወንበር አቀማመጥ አይለካም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን በአስተያየት ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እንዲህ ያሽቆለቆለው መምህሩ ማስተማሩን ትቶ ተማሪዎችን «ተወያዩ» ማለት ከጀመረ ወዲህ ነው ካለ በኋላ፣ መፍትሔው ወደ ቀድሞው ገለጻና ማስታወሻ መመለስ ነው ሲል ደምድሟል። በሐዋሳ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር እንደመሆኔ፣ ጸሐፊው ያነሡትን ችግር በየዕለቱ ስለማየው አልክደውም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ያልደነገጠ መምህር ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ያ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር የተሰጠ የመጀመሪያው በመሆኑ፣ ውጤቱ ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየውን ገለጠ እንጂ በአንድ የማስተማር ዘዴ ሰበብ ድንገት የመጣ አልነበረም። ከዚያም በላይ፣ ጽሑፉ ጥፋተኛ ያደረገው የ«ተማሪ ተኮር» ትምህርት መሠረት የሆነው ንድፈ ሐሳብ፣ ኮንስትራክቲቪዝም፣ በአብዛኞቹ ክፍሎቻችን ከስሙ በቀር አልገባም ብዬ አምናለሁ።

ኮንስትራክቲቪዝም በመሠረቱ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያውቅ የሚናገር፣ ተማሪ አዲስ ዕውቀትን ቀድሞ ከሚያውቀው ተነሥቶ ራሱ ይገነባል የሚል ሐሳብ ነው፤ ስለ ወንበር አደራደርና ስለ ቡድን ብዛት የሚለው ነገር የለም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ልጆች የሚመልሱትን ትክክለኛ መልስ ከመቁጠር ይልቅ የሚሳሳቱበትን መንገድ ሲያጠና ኖረ። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች፣ በሰፊ ብርጭቆ የነበረ ውኃ ዓይናቸው እያየ ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ «አሁን በዛ» ይላሉ፤ ፒያዤ በዚህ መልስ ውስጥ ያየው ሞኝነት ሳይሆን ልጁ በዚያ ዕድሜው ያለው የራሱ ሥርዓት ያለው አስተሳሰብ ነው። በዚያው ዓመት የተወለደውና በ37 ዓመቱ ያረፈው ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ፣ ልጅ ብቻውን የማይደርስበት ነገር ግን የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሲያግዘው የሚደርስበት አንድ እርከን እንዳለ፣ ትምህርትም ዋጋ የሚኖረው እዚያ እርከን ላይ ሲያነጣጥር መሆኑን አስረዳ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ኦሱቤል እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድሞ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ አጣሩ፣ ከዚያ እንደዚያው አስተምሩ ብሏል። ከእነዚህ ሊቃውንት መካከል መምህሩ ዝም ይበል ያለ የለም።

ነገሩን ከራሴ ክፍል ላሳይ። ስለ ሙቀት ሳስተምር ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ብጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «100» ይላል፤ ከታች ክፍል ጀምረው ሲሸመድዱት ስለኖሩ ማንም አያመነታም። ሐዋሳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በተጣደ ድስት ውስጥ የገባው ቴርሞሜትር 94 አካባቢ ሲደርስ ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቁጥሩ ቀጥ ይላል። የመጀመሪያው ፍርድ ሁልጊዜ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ሌላ ቴርሞሜትር ይመጣል፤ ያው ነው። ቀጥሎ «እሳቱ አንሶ ነው» ይባላል፤ ምድጃው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ውኃው ይበልጥ ይንተከተካል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በዚህ መካከል አንዲት ተማሪ ሐገረ ሰላም አያቷ ዘንድ ስትሄድ ባቄላ ቶሎ አልበስል እንደሚል ተናገረች። ከሐዋሳ ወደ ደጋው የወጣ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በፊዚክስ ክፍል ግን እስከዚያ ሰዓት ማንም እንደ ዕውቀት አልቆጠረውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠመኔ አንሥቼ አሥር ደቂቃ ያህል ገለጻ አደረግሁ፤ ስለ አየር ግፊት፣ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ለምን እንደሚቀንስ፣ ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ስለ መሆኑ። ከባሕር ጠለል በታች ባለችው ዳሎል ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አስቀድመው እንዲገምቱ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ «ከ100 በጥቂቱ ያልፋል» አሉ፤ ትክክል ናቸው። ገለጻው ጸሐፊው ናፈቀኝ ያሉት ዓይነት ገለጻ ነው። ልዩነቱ ጥያቄው በልጆቹ አእምሮ ውስጥ ከተወለደ በኋላ መምጣቱ ላይ ነው። ያለዚያ «በከፍታ ቦታ ውኃ ከ100 በታች ይፈላል» ብዬ በማስታወሻ ባስጽፋቸው ኖሮ፣ ለፈተና አጥንተው ለሕይወት 100ን ይዘው ይቀጥሉ ነበር።

አሁን «ተማሪ ተኮር» እየተባለ በየክፍሉ የሚሠራውን እንመልከት። ከስልሳ በላይ ተማሪዎች በአንድ ለአምስት ተደልድለው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከመማሪያ መጽሐፉ ሦስት ጥያቄዎች በሰሌዳ ይጻፋሉ፤ በየቡድኑ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ ወይም ሌላ ወሬ ያወራሉ። «ቡድን አንድ ያቅርብ» ሲባል ያው ጎበዝ ተነሥቶ ያነብባል፣ ይጨበጨባል፣ ደወል ይደወላል። ከኋላ የተቀመጠው ሱፐርቫይዘር በቼክሊስቱ ላይ «የቡድን ውይይት ተካሂዷል» ከሚለው ትይዩ ምልክት ያደርጋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ እየተከራከሩ ሊገባቸው የሚችለውን ነገር በማይመቻቸው ቋንቋ አጭር መልስ ብቻ ጽፈው ያልፉታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአንድም ልጅ የተሳሳተ ሐሳብ አልተሰማም። ገለጻው መቅረቱ እውነት ነው፤ በቦታው የተተካ ነገር ግን የለም፤ ጸሐፊው የተቆጡት በዚህ ከሆነ ቁጣቸው ቁጣዬ ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ጀምሮ አሳታፊ ዘዴ በየሥልጠናው ሲሰበክ ኖሯል። እግረ መንገዴን ላስታውስ፣ ይህ በሚሰበክበት በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተደርጎ፣ ተማሪው እጁን ቢያወጣ የማያየው፣ ቢጠይቀው የማይሰማው መምህር አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዞት ሲሄድ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እንደሚስማሙ የነገረን አልነበረም።

ልጆች ከትምህርት ቤት ውጪ ይዘውት የሚመጡት ዕውቀት ቀላል አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሐይቁ ዳርቻ ቆሎና ለውዝ ይዞ የሚዞረውን ልጅ፣ ወይም በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ እየቆጠረ የሚሸጠውን ወጣት የመልስ ሒሳብ መጠየቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ንግድ የተሠማሩ ልጆችን በሥራቸው ላይ እያሉ ሲጠይቅ 98 በመቶውን ስሌት በትክክል ሠሩ፤ ተመሳሳዩ ስሌት ያለ ዕቃና ያለ ገበያ እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ትክክል የሆነው 37 በመቶ ገደማ ነበር። ጥናቱ በአምስት ልጆች ላይ ብቻ የተደረገ ስለሆነ ቁጥሩን ማጋነን አልፈልግም፤ እኔን የሚስበኝ የአንዱ ልጅ አሠራር ነው። አንድ ኮኮናት 35 ከሆነ አሥሩ ስንት ነው ሲባል፣ ሦስቱ 105፣ ሌላ ሦስት ሲጨመር 210፣ ሌላ ሦስት 315፣ አንድ ሲታከል 350 አለ። ለ35 ዜሮ መጨመር እንደሚበቃ ትምህርት ቤት ተነግሮታል፤ ያመነው ግን የራሱን መንገድ ነው። ጥሩ መምህር ይህን መንገድ ሰምቶ ወደ ዜሮው ሕግ ያሻግረዋል፤ ሳይሰማ ሕጉን የሚያስጽፈው መምህር ግን ልጁ ሁለት የማይገናኙ ሒሳቦችን ተሸክሞ እንዲኖር ይፈርድበታል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን፣ ክርክራቸውን የሚደግፍ ከባድ ጽሑፍ መኖሩን መጥቀስ አለብኝ። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪን ያለ በቂ መመሪያ «ራስህ ፈልገህ ድረስበት» ማለት አእምሮው በአንድ ጊዜ ሊይዝ ከሚችለው በላይ እንደሚጭንበት ተከራክረዋል። በዚህ ነጥብ እስማማለሁ። በፊዚክስ ኒውተን የደረሰበትን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአርባ ደቂቃ እንዲደርስበት መጠበቅ በልጁ ላይ መቀለድ ነው። ነገር ግን መመሪያ የግድ ገለጻ ብቻ አይደለም፤ የታሰበበት ጥያቄ፣ በከፊል የተሠራ ምሳሌ፣ በትክክለኛው ሰዓት የተወረወረ ፍንጭ ሁሉ መመሪያ ነው። ተመራማሪዎቹ ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 የገለጹት ድጋፍም ልጁ እየቻለ ሲመጣ እየተቀነሰ የሚሄድ እንጂ ከመጀመሪያው የሌለ አልነበረም።

ስለዚህ የከተማችን ትምህርት መምሪያም ሆነ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ የምጠይቃቸው ቀላል ነገር ነው። ሱፐርቫይዘር ክፍል ሲገባ ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠዋል ወይ ብሎ ከሚያይ፣ መምህሩ በዚያ ክፍለ ጊዜ የትኛውን የተሳሳተ ሐሳብ እንዳገኘና ምን እንዳደረገበት ይጠይቅ። በክላስተር (በአጎራባች ትምህርት ቤቶች) ስብሰባዎቻችንም የዕቅድ ቅጽ አሞላል ላይ ከምንከራከር፣ እያንዳንዱ መምህር ከተማሪዎቹ ደብተር ያገኛቸውን ጥቂት ስሕተቶች ይዞ መጥቶ ልጁ ለምን እንዲያ እንዳሰበ አብረን ብንመረምር ይሻላል፤ ወረቀትና ጊዜ እንጂ በጀት አይጠይቅም። ተማሪዎች በሚያስቡበት ቋንቋ ተከራክረው መልሱን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ በግልጽ ይፈቀድ፤ አሁን ብዙዎቻችን ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ልጆቹን «በእንግሊዝኛ!» እያልን ዝም እናሰኛቸዋለን። የመጽሐፉን ምዕራፎች በሙሉ በሰኔ መጨረስ ግዴታ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ግን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በአንድ ቴርሞሜትር ላይ የሚያጠፋ መምህር «ኋላ ቀርተሃል» መባሉ ስለማይቀር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ግዴታ ቢታይልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ከሐዋሳ