ለባለ አምስት ክር አኮስቲክ ቤዝ ጊታር ግዢ የድጋፍ ጥሪ፦ የቀሩት 26 ድርሻዎች

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን፣ የተወደዳችሁ ወገኖች።

ይህን ጥሪ ስናቀርብ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። ደጋግመን ስንጠይቅ እንደሚሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ግን ከ60 ድርሻ 34ቱ ተከፍሎ 26 ብቻ ሲቀር ዝም ማለት የከፈሉትን ሰዎች መበደል ነው። ሰሞኑን አንድም ድርሻ አልገባም። መዘምራኑ ያለ ቤዝ እየዘመሩ ነው፤ ከበሮውን ከጊታሩ ጋር የሚያያይዘው ድምፅ ስለሌለ መዝሙሩ መሃል ላይ ሲፈጥን፣ መጨረሻው ላይ ሲጎተት ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አከፋፈሉ እንናገር። ክፍያው በመዘምራን ኅብረቱ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በመዋጮ ካርዳችሁ ጀርባ ታትሟል። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «ቤዝ» ብላችሁ ጻፉ። «መዋጮ» ብቻ ተብሎ የገባ ገንዘብ በጠቅላላ ገቢ ይመዘገባል፤ ከዚያ አውጥቶ ለዚህ ለማዋል ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ያስፈልጋል። እባካችሁ ይህቺን አንድ ቃል አትርሱ።

አሁን በየጊዜው ለሚነሱት ጥያቄዎች መልስ እንስጥ።

የድሮው ባለ አራት ክር ቤዝ ለምን ደግሞ አይጠገንም? ብሪጁ (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ከኋላ ጠርዙ ተነስቷል። ጤነኛ ብሪጅ ሥር የወረቀት ጫፍ እንኳ አይገባም፤ በዚህኛው ግን ወረቀቱ ሲገፋ እስከ ብሪጁ ወገብ ይዘልቃል። ከብሪጁ ኋላ ያለው የፊት እንጨት ሆዱን ነፍቷል፣ ወደ ቀዳዳው ያለው ደግሞ ሰርጉዷል። በ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ ክሩ ከፍሬቱ የነበረው ርቀት ከ3 ሚሊሜትር ወደ 6 ደርሷል። እንዲህ ሲሆን ክሩን ለመጫን ጉልበት ይፈልጋል፤ በጉልበት የተጫነ ክር ስለሚለጠጥ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች በወጣን ቁጥር ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ በኮላ አስለጥፈነው ነበር፤ «የጥገናው ገንዘብ ባከነ» የሚል ቅሬታም ደርሶናል። ውሳኔው ያኔ ትክክል ነበር። ሥሩ ያለው እንጨት ዝርግ ከሆነ በደንብ ተፍቆ የተለጠፈ ብሪጅ ለብዙ ዓመት ይይዛል፤ ወጪውም ከአዲስ መሣሪያ ጋር አይወዳደርም። የዳግመኛው መነሳት ምክንያት የታወቀው በመስታወትና በባትሪ መብራት ውስጡ ሲታይ ነው፤ በክሮቹ ጫፍ ያለውን ኳስ ከውስጥ የሚሸከመው ጠፍጣፋ እንጨት በቀዳዳዎቹ መስመር ተሰንጥቋል። ይህን ለማስተካከል ብሪጁን ማንሳት፣ ውስጡን መቀየር፣ የፊቱን እንጨት በሙቀት ማቅናት ያስፈልጋል። ዋጋው ርካሽ በነበረ መሣሪያ ላይ ይህን ሁሉ ማውጣት ነው ብክነት የሚሆነው፤ ስለዚህ አቁመናል።

የሚክሰሩም (የድምፅ ማቀላቀያው) ነገር ይነሳል። «መጀመሪያ ቤዝ መገዛት ነበረበት» የሚሉ አሉ። ሚክሰሩና ሁለቱ ማይኮች ሲገዙ ቤዙ ይሠራ ነበር፤ ሚክሰሩ ደግሞ ለስብከቱም፣ ለኪቦርዱም፣ ለመዘምራኑም በየሳምንቱ እያገለገለ ነው። አዲሱ ቤዝም የሚገባው እሱው ላይ ነው። ደረሰኞቹ በፋይል አሉ፣ ማየት የፈለገ ይምጣና ይመልከት። ያለፉት ዓመታት ሥራ ከዜሮ ተነስቶ እዚህ መድረሱን ማስታወስም ተገቢ ይመስለናል።

ለምን ባለ አምስት ክር? ባለ አራት ክር ቤዝ የሚወርደው እስከ ኢ ነው (ኢ፣ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ጂ የድምፅ ስሞች ናቸው)፣ ማለትም 41.2 ኸርዝ። አምስተኛው ክር ቢ ሆኖ ሲቃኝ 30.87 ኸርዝ ይደርሳል። በመካከሉ ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ሲ እና ቢ እናገኛለን። መዝሙሮቻችንን ለሴቶቹ ድምፅ እንዲመች ከኢ ወደ ዲ ወይም ወደ ሲ ስናወርድ፣ የድሮው ቤዝ መሠረቱን የሚያገኘው አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በቀጠነ እርከን) ወደ ላይ ዘሎ ነበር፤ መዝሙሩ ወለሉን ያጣል። ኢ ክርን ወደ ዲ ማውረድ መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ሲ አሁንም አይገኝም፤ በሁለት መዝሙር መካከል ሲቃኝ ደግሞ ጉባኤው ይጠብቃል። ከዚህ ሌላ ብዙዎች የማያስተውሉት ጥቅም አለው፦ በአምስት ክር ላይ እጅ በ5ኛው ፍሬት አካባቢ እንደተቀመጠ ከታችኛው ኢ ጀምሮ መጫወት ይቻላል፤ ገና ለሚማሩት ወጣቶች የእጅ ሩጫ ይቀንስላቸዋል።

ለምን አኮስቲክ-ኤሌክትሪክ (ሳይሰካም ተሰክቶም የሚሠራ)? የልምምድ ክፍሉ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) የለውም፤ በየቤቱ ለጸሎትና ለሐዘን ስንሄድም አምፕ ተሸክመን አንሄድም። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። አኮስቲክ ቤዝ ሳይሰካ ትልቅ ድምፅ አይሰጥም። የታችኛው ቢ የድምፅ ሞገድ 11 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ጊታር የምታህል ሣጥን ያንን አየር ማንቀሳቀስ አትችልም፣ ኮንትራባስ ያን ያህል ግዙፍ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሳይሰካ ቢ ክር የሚሰማው ከመሠረቱ በላይ ባሉት ቀጫጭን ድምፆቹ ነው፤ ሌሎቹ አራት ክሮች ግን ከአንድ ጊታርና ከጥቂት ዘማሪዎች ጋር በትንሽ ክፍል ውስጥ ይበቃሉ። በጉባኤ ፊት ሲሆን ተሰክቶ በስፒከር ይወጣል። ሁለቱንም የሚያገለግለን ይህ ብቻ ነው።

የዋጋውን ነገር ብዙ ተጨቃጭቀንበታል። ከሁሉ ርካሹን አንወስድም፣ ውዱንም አንመኝም። ፊቱ ከኮምፔርሳቶ የሆነውን መርጠናል። ከአንድ ወጥ ስፕሩስ እንጨት የተሠራው ሳይሰካ ያማረ ድምፅ አለው፤ ነገር ግን አየር ሲደርቅ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ በስፒከር ፊትም ቶሎ ይጮሃል። ለብዙ እጅ የሚተላለፍ የጋራ መሣሪያ ኮምፔርሳቶው ይሻለዋል። ገንዘቡን በይበልጥ የምናወጣው ለክሩ ርዝመትና ለፒክአፑ (የክሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው) ነው።

ከነት (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት) እስከ ሳድል (በብሪጁ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት) ያለው ርዝመት 34 ኢንች ቢሆን እንመርጣለን። 32 ኢንች ለአጭር እጅ ይመቻል፤ ግን ያው ክር በያው ቅኝት 11 በመቶ ገደማ ውጥረቱን ያጣል፤ ይህም ከሁሉ በፊት የሚታወቀው ቢ ክር ላይ ነው፣ ይላላና ፍሬቱን ይመታል። ከ32 በታች ያለውን ባለ አምስት ክር ግን ማንም ቢሰጠን እንኳ አንቀበልም።

ፒክአፑ በሳድሉ ሥር የሚቀመጥ ፒዬዞ (በግፊት የሚሠራ ዓይነት) ነው። በርካሽ መሣሪያ ላይ የተለመደው ችግር የሳድሉ መቀመጫ ዝርግ አለመሆኑ ነው፤ አንዱ ክር፣ ብዙውን ጊዜ ቢ ወይም ጂ፣ ከሌሎቹ ደክሞ ይወጣል። ኮሚቴው ከመክፈሉ በፊት ቤዙን ሰክቶ፣ ባሱንና ትሬብሉን መሃል ላይ አድርጎ፣ አምስቱንም ክር በእኩል ጉልበት አንድ በአንድ ይመታል። ከዚያ ቢ ክርን በ5ኛው ፍሬት ተጭኖ ከክፍቱ ኢ ጋር ያስተያያል፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ጉልበቱም ተቀራራቢ መሆን አለበት። በመጨረሻም በ12ኛው ፍሬት የተጫነውን ድምፅ ከዚያው ፍሬት ሃርሞኒክ (ክሩ ሳይጫን ተነክቶ ብቻ ከሚሰጠው ድምፅ) ጋር በመቃኛ ይመዝናል። ይህኛው ወሳኝ ነው። በኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ የእያንዳንዱ ክር ሳድል በብሎን ይገፋል፤ በአኮስቲክ ላይ ሳድሉ አንድ ወጥ ስለሆነ፣ ከፋብሪካው ተዛንፎ የመጣውን በቀላሉ የምናስተካክልበት መንገድ የለም።

60ው ድርሻ እንዴት ተከፋፈለ? 40ው ለመሣሪያው ነው። 6ቱ ለአክቲቭ ዲአይ ቦክስ፣ 6ቱ ለጠንካራ ሻንጣ፣ 4ቱ ለሁለት ሙሉ የክር ስብስብ፣ 3ቱ ለባለሙያ ማስተካከያ፣ 1ዱ ለእርጥበት መለኪያና ለባለ 9 ቮልት ባትሪዎች። «ሻንጣና ዲአይ ቦክስ ቅንጦት ነው» ላላችሁን መልሳችን ይኸው። ከመድረኩ እስከ ሚክሰሩ ያለው ርቀት ለተራ የጊታር ኬብል ይረዝማል፤ ከ6 ሜትር ሲያልፍ ኬብሉ ጫጫታ ይለቅማል፣ የመሬት መስመር እንዝዝታም ይገባበታል። ዲአይ ቦክሱ ድምፁን ወደ ማይክ ኬብል ቀይሮ ንጹሕ አድርጎ ያደርሰዋል፣ እንዝዝታውን የሚቆርጥ ማብሪያም አለው፤ ኃይሉን ከሚክሰሩ 48 ቮልት ይወስዳል። ሻንጣው ደግሞ ድንገተኛ ሙቀት በብሪጁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል። አምስት ክር ተቃኝቶ ሲወጠር ከ80 ኪሎግራም በላይ ጉልበት ብሪጁን ይጎትታል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የቀረ ጊታር ኮላው ይላላል፣ ጉልበቱ ግን አይላላም።

ከተገዛ በኋላ አያያዙም ተጽፎ በሻንጣው ክዳን ላይ ይለጠፋል። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። ክር ሲቀየር ኳሱ ከውስጥ ከጠፍጣፋው እንጨት ጋር እስኪገጥም ይሳብ፤ ክሩን በሚይዘው ፒን ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ኳስ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ የድሮውን የሰነጠቀውም ይህ ነው ብለን እናምናለን። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉ፤ ፕሪአምፑ (በቤዙ ውስጥ ያለው በባትሪ የሚሠራ ማጉያ) የሚበራው ኬብሉ ሲሰካ ስለሆነ፣ ተሰክቶ የሰነበተ ቤዝ ባትሪው አልቆ ይገኛል። አንገቱ ውስጥ ያለውን ትረስ ሮድ (አንገቱን የሚያቀናውን ብረት) ከባለሙያ በቀር ማንም አይንካ፤ ባለሙያውም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዞረውም።

በዓይነት መስጠት ለምትፈልጉ ያገለገለ ባለ አምስት ክር እንቀበላለን። አራት ፎቶ ላኩልን፦ አንገቱን ከጭንቅላቱ ወደ ብሪጁ አቅጣጫ ወርዶ የሚያሳይ፣ ብሪጁን ከጎኑ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፍሬቶች በቅርበት፣ የባትሪውን ቤት ተከፍቶ። አረንጓዴ ዝገት የታየበት ባትሪ ቤት ብዙውን ጊዜ የታመመ ፕሪአምፕ ምልክት ነው። ባለ አራት ክር ያላችሁ ለጊዜው ብታውሱን ደስ ይለናል። የጊታር አምፕ ለመስጠት ያሰባችሁ ወንድሞች፣ ልባችሁን እናመሰግናለን፤ ግን ለጊታር የተሠራ ስፒከር የቤዝ ዝቅተኛ ድምፅ በከፍተኛ ቮልዩም ሲገባበት ይቀደዳል፣ ስለዚህ ለራሳችሁ አቆዩት።

ይህ መሣሪያ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ከመስጠታችን የሚቆጠር የአምልኮ ድርሻ ነው፤ አቅም ያለው ሁለት ሦስት ድርሻ ይያዝ፣ አቅም ያጣ ግማሽ ድርሻ ከሌላው ጋር ይጋራ። በቃል የተመዘገባችሁና ያልከፈላችሁ 9 ሰዎች አላችሁ፤ ስማችሁን አንጠራም፣ ነገር ግን የእናንተ ብቻ ቢገባ የቀረው 17 ይሆናል።

በድጋሚ፦ የኅብረቱ ሂሳብ፣ ቁጥሩ በመዋጮ ካርዱ ጀርባ፣ ምክንያት «ቤዝ»። በኮሚቴ አባል የግል ስልክ ወይም ሂሳብ ላክ የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ከእኛ አይደለም፣ አትክፈሉ። ከከፈላችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዧ ላኩ፤ የወረቀት ደረሰኝ እሑድ ከጉባኤው በኋላ በበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ይሰጣል። ካርዱ የጠፋበት ሰው እዚያው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ይወስዳል፤ ቁጥሩን ከሰው በቃል ሰምታችሁ አትላኩ።

የመሣሪያ ግዢ ኮሚቴ