አሮጌ ፍላሽ በዲጂታል ካሜራ ላይ ከመሰካቱ በፊት ቮልቱ ይለካ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በፊልም ካሜራ ዘመን የተሠሩ ፍላሾች በዋጋቸው ርካሽ፣ በብርሃናቸውም ጠንካራ በመሆናቸው ሙያውን የሚጀምሩ ወጣቶች እየገዙ በዲጂታል ካሜራቸው ላይ ይሰኳቸዋል። ሻጩ የሚያሳያቸው ፍላሹ መብራቱን እንጂ በእግሩ፣ ማለትም ካሜራው ላይ በሚሰካው የታችኛው ክፍሉ፣ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ አይደለም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ልማድ ነው።

የቀድሞው ካሜራ ፍላሹን የሚያስነሣው ሁለት ብረቶችን በማገናኘት ብቻ ስለነበር 200 ቮልትና ከዚያም በላይ ቢመጣበት ይችለዋል። የዛሬው ካሜራ ግን ይህን ሥራ ለጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ስለሰጠ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቮልት የማስነሻ ክፍሉን ሊያቃጥልበት ይችላል። የካሜራ አምራቹ ኒኮን በመመሪያዎቹ ከ250 ቮልት በላይ ያለው ፍላሽ እንዳይሰካ ያስጠነቅቃል፤ ከሌላው አምራች ከካኖን ቀደምት ዲጂታል ሞዴሎች መካከል ግን ወሰናቸው 6 ቮልት ብቻ እንደሆነ የተነገረላቸው አሉ። ስለዚህ «ጓደኛዬ ሲጠቀምበት ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ለሌላው ካሜራ አይሠራም።

የፍላሹን ስም ማወቅም አይበቃም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቪቪታር 283 የተባለው ፍላሽ ቀደም ሲል ጃፓን የተሠራው ከ200 ቮልት በላይ ሲያወጣ፣ በኋላ የተሠራው ግን እጅግ ዝቅተኛ ቮልት ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው።

መለካቱ ግን ቀላል ነው። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከተጨመረበት በኋላ ፍላሹን አብርቶ የዝግጁነት መብራቱን መጠበቅ፣ ከዚያም ቢያንስ እስከ 500 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) በሚለካ መልቲሜትር በተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ቀዩን ጫፍ በእግሩ መካከል ባለው ነጥብ፣ ጥቁሩን በጎኑ ባለው ብረት ላይ ማሳረፍ ነው። ባለ መርፌው መለኪያ ከእውነተኛው ያነሰ ሊያሳይ ስለሚችል ዲጂታሉ ይመረጣል። ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት ይዞ ከመጣ ፍላሹ ካሜራው ላይ ፈጽሞ አይሰካ። የፍላሹን አካል ፈትቶ ለማስተካከል መሞከር ደግሞ ከካሜራው ይልቅ ለሰውየው ያሰጋል፤ ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍሉ፣ ካፓሲተሩ፣ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቮልቱ ከፍ ያለውን ፍላሽ መጣል ግን አያስፈልግም። ቮልት የሚቀንስ አስማሚ በመካከል ማስገባት ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ግን ፍላሹን ከካሜራው አርቆ፣ የካሜራውን የራሱን ፍላሽ ብርሃን ሲያይ በሚያስነሣው መሣሪያ ማሠራት ነው። በዚህ ጊዜ የካሜራው የራሱ ፍላሽ ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) መዞር አለበት፤ አለዚያ ከፎቶው በፊት የሚለቀው የመለኪያ ብልጭታ አሮጌውን ፍላሽ ቀድሞ ያስነሣዋል።

ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጡ ነጋዴዎች የለኩትን ቮልት በትንሽ ወረቀት ጽፈው በፍላሹ ላይ እንዲለጥፉ፣ ገዢዎችም ያልተለካውን እንዳይቀበሉ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የካሜራ ጥገና ባለሙያ