ከማሽኑ በፊት ሳህኑን ቀይሩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የትርፍ ጊዜ ገጽ ላይ ስለ ብረት መፈለጊያ ማሽን የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ተናድጄ። ደስ ያለኝ የእኔ ሱስ ለጋዜጣ በመብቃቱ ነው። ያናደደኝ ደግሞ ጸሐፊው ለጀማሪ የሰጡት ምክር ነው። አቅም ያለው ሰው ከሁሉ ውዱን ይግዛ፣ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር አሮጌውን ሸጦ ይቀይር ይላሉ። እኔ ይህን ማንም ሳይመክረኝ አድርጌዋለሁ። አንድ ሙሉ ዓመት በልቶብኛል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ሬዲዮ መጠገን ነበር። ይህን ብረት መፈለጊያ፣ እኛ ዲቴክተር የምንለውን፣ ከያዝኩ ደግሞ 12 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዋ ማሽኔ ጋሬት ኤስ 250 ነበረች። በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ፣ በ6.5 ኪሎኸርዝ ብቻ የምትሠራ፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ የምትሄድ፣ ቀላል ነገር ናት። ድምፅዋን እንደ ልጄ ድምፅ ለይቼ አውቀው ነበር። ምስማር ስታገኝ እንዴት እንደምታጉረመርም፣ ሳንቲም ስታገኝ እንዴት እንደምትደውል፣ ስታመነታ እንኳ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ሰው ሲያወራ ሰማሁና ልቤ ተነሳ። እሷን ሸጥኩና በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሪኩዌንሲ የምትልክ ዘመናይ ማሽን ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ምን ያህል ደካማ ምልክት እንደምትሰማ የሚወስነውን፣ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ብዙ ከፈለግኩ ብዙ አገኛለሁ ብዬ ነዋ! ማሽኗ እንደ ወፍ ጎጆ ስትንጫጫ ዋለች። መሬቱ ሁሉ ወርቅ መሰለኝ። ስቆፍር ባዶ ነው። እንዲህ ሆኜ ወራት ከረምኩ።

የሚያሳፍረው ከራሴ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ማለፉን አለማስተዋሌ ነው። የሬዲዮ ሰው ሆኜ! ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሬዲዮ ለምን ያንባርቃል ብዬ ስመረምር ኖሬ፣ የራሴን ማሽን ምን እንደሚያስጮኻት አልጠየቅኩም። ሴንሲቲቪቲውን ወደ ግማሽ ብመልሰው ጸጥ አለች። ጸጥ ስትል ደግሞ ከበፊቱ ጥልቅ ያለውን መስማት ጀመረች። ደካማው ምልክት ለካ በጫጫታ ተውጦ ነበር።

በነገራችን ላይ በዚህ የተሸወድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በራሱ መሣሪያ ሊፈልግ ሄዶ ነበር። መሣሪያው የዛሬው ዲቴክተር አያት ነው። አልተሳካለትም። ኋላ ሲጣራ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ ከሥሩ የብረት ሽቦ ነበረው። እኔ ደግሞ ጫፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማ አድርጌ ወጥቼ፣ በየእርምጃው «አለ! አለ!» እያልኩ ግማሽ ቀን ቆፍሬያለሁ። ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው አንደኛ ምክር ጫማህን እይ ነው። ወጪ የለውም።

ጸሐፊው አንድም ቃል ያልተነፈሱበት ነገር ከማሽኑ ሥር ያለው ክብ ዕቃ ነው። ስሙ ኮይል ነው፣ እኛ ሳህን እንለዋለን። ለእኔ የዲቴክተር ግማሹ እሱ ነው። መሬት ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ የሚልከው እሱ፣ ከብረቱ የሚመለሰውን የሚቀበለውም እሱ። ሁለት ዓይነት በብዛት ይገኛል። ኮንሰንትሪክ የሚባለው መስኩ ወደ ታች እየጠበበ እንደ ሾጣጣ ይወርዳል። ዲዲ የሚባለው ከፊት እስከ ኋላ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ብሎ ነው የሚቆርጠው። መሬቱ ቀይና ብረት የበዛበት ከሆነ ዲዲው ይሻላል፣ አፈሩ ራሱ ያን ያህል አያታልለውም።

መጠኑም ቀላል ነገር አይደለም። ትልቅ ሳህን ጥልቅ ያያል ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ትልቅ ሳህን ዕውር ነው። ከሥሩ በአንድ ጊዜ አምስት ነገር ይገባና የትኛው እንደጮኸ ራሱም አያውቅም። ክንድም ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ትከሻዬ ሲዝል ሳህኑን ከመሬት ከፍ አድርጌ ማወዛወዝ እጀምራለሁ። ያኔ በውድ የገዛሁት ጥልቀት አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

አንድ የፈረሰ ቤት ቦታ አለ። ጣሪያው ተቃጥሎ ምስማሩ ሁሉ መሬት ላይ ረግፏል። ባለቤቱን አስፈቅጄ በ28 ሴንቲሜትሩ ሳህን ሦስት ጊዜ አበጥሬዋለሁ። ምንም። ኋላ 15 ሴንቲሜትር የሆነች ትንሽ ሳህን ገዛሁና ያንኑ ቦታ ደገምኩት። ቀስ ብዬ፣ እግሬን እንደ ኤሊ እየጎተትኩ። ድሮ መግቢያው በር በነበረበት በኩል ምስማር አጉረመረመ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ አጠር ያለች ጥርት ያለች ድምፅ ወጣች፣ እንደገና ምስማር። ወደ ኋላ መለስኩት። ያችው ድምፅ በዚያው ቦታ። ከጎን ዞሬ ሞከርኩ፣ አሁንም አለች። አንድ ጥፍር የማታህል ቀጭን የብር ሳንቲም ናት። ከግራም ከቀኝም የዛገ ምስማር ነበር፣ መሀላቸው ከስንዝር አይበልጥም። ትልቁ ሳህን ሦስቱን አንድ አድርጎ ሲሰማ፣ ማሽኑም እንደ ምስማር ያለ ተራ ብረት አትስማ ተብሎ ስለተስተካከለ ሳንቲሙንም አብሮ ይዘጋው ነበር። ማሽኑ ያው ነው። የቀየርኩት ሳህኑን ብቻ ነው።

ከሳህን ቀጥሎ ሄድፎን። ገመድ የሌለው ያምራል፣ ግን ተራው ብሉቱዝ ድምፁን አዘግይቶ ነው የሚያመጣው። ለሙዚቃ ማንም ልብ አይለውም። ለእኛ ግን ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ ሳህኑ ዒላማውን አልፎ ሄዷል፣ የምንቆፍረውም አጠገቡን ነው። ወይ ለዲቴክተር ተብሎ የተሠራውን ፈጣኑን ይግዙ፣ ወይ እንደ እኔ ባለ ገመዱን። የእኔ ገመድ ቁጥቋጦ ሁሉ ይይዘዋል፣ ተላምደናል።

ባትሪን በተመለከተ አንድ ወጣት ደንግጦ ስለጠየቀኝ ላንሳው። ተራው ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፣ ቻርጅ የሚደረገው 1.2። ስለዚህ አዲስ ቻርጅ ያደረጉት ባትሪ ምልክቱ ላይ ጎዶሎ ቢያሳይ አይደንግጡ።

ፒንፖይንተር ግን የግድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ብረቱ የት እንዳለ በንዝረት የሚናገር እንደ ካሮት ያለ ዱላ ነው። እኔ ያለ እሱ ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ በጣቴ አፈር እየፈተግኩ። አንድ ቀን ቸኩዬ መኮትኮቻዬን ሰነዘርኩና ጥሩ የቆየ ሳንቲም ፊቱ ላይ አረፈ። በሥዕሉ አፍንጫ ላይ ሰፊ ጭረት። ሳንቲሙ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ሳየው ሆዴ ይባባል። ፒንፖይንተር ካለ ጉድጓዱም ያንሳል። ሣሩን በሦስት በኩል ቆርጦ እንደ ክዳን መገልበጥ፣ ዕቃውን ማውጣት፣ ክዳኑን መልሶ በእግር መርገጥ። ባለ መሬቱ በማግስቱ ቢመጣ እንኳ ማወቅ የለበትም። ያኔ ነው ሁለተኛ የሚያስገባው።

ጽሑፉ ውዱ ማሽን ወርቅን ከቆሻሻ ለይቶ ይነግራል ይላል። ይህን ባይሉ ጥሩ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ኤሌክትሪክ በዕቃው ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚናገር እንጂ የዕቃውን ስም የሚጠራ አይደለም። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የመጠጥ ጣሳ አናት ላይ ያለው የአሉሚኒየም መክፈቻ ቁጥራቸው አንድ አካባቢ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ቀለበቷ ወድቆ ስታለቅስ መጣች። ሜዳውን በሲባጎ መስመር በመስመር ከፋፈልኩት። ማሽኑ የቆሻሻውን ቁጥር እንዳይሰማ ላድርግ ብል ቀለበቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የጮኸውን ሁሉ አወጣሁ። 31 የጣሳ መክፈቻ፣ ብዙ ቆርኪ፣ የሲጋራ ወረቀት የሚያብረቀርቀው። ቀለበቱ ሲጮህ ከ32ኛ ጣሳ መክፈቻ የተለየ ድምፅ አልነበረውም። ልጅቱ ከጎኔ ተንበርክካ እያየች ስለነበር ከአፈሩ ውስጥ ያነሳችው ራሷ ናት።

ትልቅ ግኝት የትልቅ ማሽን ነው ለሚለውም መልስ አለኝ። በኅዳር 1992 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ እንግሊዝ አገር ሆክስን በምትባል መንደር ኤሪክ ሎውስ የሚባሉ ጡረተኛ የጓደኛቸውን የጠፋ መዶሻ ሊፈልጉ እርሻ ወጡ። ዲቴክተር ይዘው። በመዶሻው ፈንታ የሮማውያን ዘመን ሀብት ላይ ወጡ። ሳንቲሙ ብቻ 14,865 ሆኖ ተቆጠረ። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ሁሉንም አልቆፈሩም። አቁመው ለሚመለከተው አካል አሳወቁና የቀረውን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በሥርዓቱ አወጡት። በብዙ አገር ጥንታዊ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ዲቴክተር ይዞ መግባት ወንጀል ነው፣ የራስ አገር ሕግ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ጦርነት ያለፈበት መሬት ደግሞ ጭራሽ አይነካ። የዛገ ጥይት ወይም ፈንጂ የሚመስል ነገር ያየ እጁን ሰብስቦ ለፖሊስ ይናገር። የሎውስ ጓደኛ መዶሻም በኋላ ተገኝቷል፣ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከጽሑፉ ጎን ሥዕሉ የወጣው ባለ አንቴና ዕቃ፣ ወርቅን ከብዙ መቶ ሜትር ይጠቁማል የተባለው፣ ዲቴክተር አይደለም። የማንኛውም ሳህን መስክ ከራሱ እየራቀ ሲሄድ በፍጥነት ይሞታል። ጥሩ ማሽን አንድ ሳንቲም 25 ሴንቲሜትር ላይ ከሰማ ባለቤቱ ለወዳጆቹ የሚያወራው ነገር ነው። ከመቶ ሜትር ወርቅ የሚያሸት አንቴና ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከዚሁ ዘር የሆነ ኤዲኢ 651 የሚባል አንቴና ያለው እጀታ ፈንጂ ይለያል ተብሎ ለኢራቅ የጸጥታ ኃይሎች በብዛት ተሽጦ ነበር። ውስጡ ምንም አልነበረውም። ሻጩ እንግሊዛዊ ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እባካችሁ ያንን ሥዕል አርሙት። አንባቢ ጋዜጣችሁን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል።

ማሽን በጭራሽ አይቀየር እያልኩ አይደለም። እርጥብ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ጨው አለ፣ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ማሽን እዚያ ይቀባጥራል። እዚያ ባለ ብዙው ገንዘቡን ያወጣል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ወርቅ ለሚፈልግ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ያሻዋል። ለዚሁ የተሠሩ አሉ፣ ሚንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45፣ ፊሸር ጎልድ ባግ 2 በ71 ኪሎኸርዝ ይሠራሉ። አፈሩ በጣም ክፉ ለሆነበት ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው አለ። ጥልቅ ይሄዳል፣ ግን ምስማርንም ወርቅንም በእኩል ስለሚጠራ ወገብ ያለው ሰው ይፈልጋል። ወንዝ ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ ውሃ የማያስገባው ሳህኑ ብቻ ነው ወይስ ማሽኑ በሙሉ ብሎ ይጠይቅ። ሳህኑ ብቻ የሆነባቸው አሉ።

ጸሐፊው አምስት ማሽኖች አወዳድረው ደረጃ ሰጥተዋል። በምን ዓይነት አፈር ላይ ነው የሞከሯቸው? ግራውንድ ባላንስ አድርገው ነበር? ማለትም ንጹሕ መሬት ላይ ሳህኑን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማሽኑ አፈሩን እንዲለምድ አድርገዋል? በስንት ሴንቲሜትር ሳህን? ይህ ካልተጻፈ ደረጃው ለእኔ ትርጉም የለውም። በሚቀጥለው እትም ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ማሽኖቹን አምጥተው አብረን እንሞክራቸው ካሉም ዝግጁ ነኝ፣ ጫማቸውን አይቼ።

ኤስ 250ዋን የገዛኝን ሰው ባለፈው አገኘሁትና መልሼ ልግዛህ አልኩት። እየሳቀ እምቢ አለኝ። ልጁን እያስተማረባት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ