ቁጣው የስንቱ ሰው ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ባለሥልጣን በሙስና ተጠረጠረ በተባለ ማግስት ጋዜጦች «ነዋሪው ተቆጣ» ብለው ይጽፋሉ። ከሥር ሲነበብ የተጠየቁት ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መንገድ ላይ የተገኙ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ናቸው። በአስተያየት ጥናት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህ እንዲታረም አጥብቀን እንጠይቃለን።

ለጋዜጠኛ ቆሞ የሚመልሰው በአብዛኛው ጉዳዩ ያንገበገበው ነው፤ ግድ የሌለው «ቸኩያለሁ» ብሎ ያልፋል። የቴሌግራም ድምፅ መስጫማ ይብሳል፤ አንዱ ወገን ሊንኩን በየግሩፑ ካዞረው ውጤቱ በሰዓታት ይገለበጣል። ብዛትም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋሉ አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። መጠይቁን ሞልተው ለመመለስ ይበልጥ የተጉት ተቃዋሚዎቻቸው ነበሩ።

ያም ሆኖ ጥቂቶች ናቸው ተብሎ የሚናቅ ቁጣ የለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ሲከስ ጋሉፕ የተባለው የአስተያየት ጥናት ድርጅት ባደረገው ጥናት 73 በመቶው ሕዝብ የፕሬዚዳንቱን ሥራ ይደግፍ ነበር። ለክሱ ድምፅ የሰጡትን እንደራሴዎች ይበልጥ ያሰጋቸው ለፓርቲያቸው የዕጩ ምርጫ እንኳ ሳይቀር የሚወጣው ቁጡ መራጭ ሳይሆን አይቀርም። ስንቱ እንደሚቃወምና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚቃወም ለየብቻ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

መጠይቁ ስለ አስተዳደሩ ሥራ በጥቅሉ ይጀምር፤ ቅሌቱ ቀድሞ ከተነሣ የቀረውን መልስ ወደ ታች ሊጎትተው ይችላል። ቀጥሎ «ስለ ጉዳዩ ሰምተዋል?» ይባል። አቋም የሚጠየቀው የሰማው ብቻ ነው፤ ከዚያ «ለእርስዎ ምን ያህል ክብደት አለው?» ተብሎ በአራት ደረጃ ይመዝገብ። «አላውቅም» ያለውም ሲታተም አይጣል። «የዘረፈው ባለሥልጣን» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት ደግሞ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

በቀላል ዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች የስህተት ህዳጉን፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው የሕዝብ አስተያየት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበትን መጠን፣ ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ ያወርዱታል፤ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ያስፈልጋሉ። ከ400ው 60ዎቹ «እጅግ አስቆጥቶኛል» ቢሉ፣ ስለ እነዚያ 60 ሰዎች ብቻ ሲጻፍ ህዳጉ 13 ነጥብ ግድም ይደርሳል።

ከሁሉ የሚከብደው በር ላይ ያለው ሥራ ነው። ፒያሳ ዙሪያ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤት ስለፈረሰ በድሮ የቤት ዝርዝር ዕጣ ማውጣት አይቻልም፤ መንደሩ እንደ አዲስ ይቆጠር። በር የከፈተውን ብቻ መጠየቅ ቀን ቤት የሚውሉትን ያበዛል፤ ለአካለ መጠን ከደረሱት የቤተሰቡ አባላት አንዱ በዕጣ ይለይ፣ ከሌለ ማታ ይመለሱበት። የወረዳ ሠራተኛ አስከትሎ መሄድ ጨርሶ አይገባም። መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው አጠገብ ቆሞ፣ ጎረቤት በጋራው ግቢ ልብስ እያሰጣ እየሰማ የሚገኘው መልስ «ኧረ ደህና ነው፣ ምን እንላለን» ነው። መልሱ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ ይታተማል።

ስለዚህ «ሕዝቡ» ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ስንት ሰው፣ የት፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደጠየቃችሁና ስንቱ አልመልስም እንዳለ ከዜናው ሥር አትሙ።

የአስተያየት ጥናት ባለሙያዎች
ከአራት ኪሎ