ጠብታ መቀያየር የሐልዋን ዓይን አላዳነም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አንተ እያልኩ ስጽፍልህ ቅር እንዳይልህ። የድሬ ሰው ነኝ፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይሠራም። የምጽፍልህ ስለ ጥንቸል ዓይን ነው። መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ፣ ከዚያ ሳቅ።

የቤት እንስሳት ገጻችሁ ላይ በቅርቡ የወጣውን ምክር የልጅ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የእንስሳ ዓይን ሲያለቅስ በንጹሕ የጨው ውኃ እጠቡት፣ ቅባት አድርጉበት፣ በሳምንት ካልተሻለው መድኃኒቱን ቀይሩ ይላል። ሁለቱ ይሁን። ሦስተኛው ላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ እኛ ቤት አምስት ሳምንት ሙሉ ያደረግነው እሱን ነዋ! ቀየርን፣ ቀየርን፣ ደግሞ ቀየርን። ጥንቸሏ አንድ ዓይኗን ልታጣ ምንም አልቀራት።

ስሟ ሐልዋ ነው። ቀለሟ መጋላ የሚሸጠውን ሐልዋ ስለሚመስል ልጅቷ ያወጣችላት ነው። ጎረቤት "አትታረድ፣ ቤት አትጠብቅ፣ ምን ትሠራላችኋለች?" ይለናል። መልስ የለኝም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደሷ ነው የምትሮጠው፣ ለኔ ይሄ ይበቃኛል።

ነገሩ የጀመረው ነፋስ በበዛበት ሰሞን ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አይነገርም። የምትተኛበት ገለባም ደረቅ ነበር። ጥንቸል ደግሞ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ወደ ጎን ወጣ ያለ ነው፣ እንደኛም ቶሎ ቶሎ አታርገበግበውም። በሰዓት 10 ወይ 12 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ይሄን ኋላ ሐኪሙ ሲነግረኝ አላመንኩም፣ ሰዓት ይዤ ፊቷ ቁጭ አልኩ። ወላሂ ሻዬ ቀዘቀዘ።

አንድ ጠዋት ግራ ዓይኗን ጨፍና አገኘናት። እንባው የጉንጯን ፀጉር አጣብቆታል። እኔም ወደ ሰው ፋርማሲ ሄድኩ። "ለጥንቸል ነው" ስለው ሻጩ "ዓይን ዓይን ነው" አለኝና የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱ ጥፋት የለበትም። ትራኮማ በሚያጠቃው አገር ማን የማያውቀው አለ፣ እኔም እናቴ እየቀባችኝ ነው ያደግኩት። ሳምንት ቀባናት፣ አልተከፈተም። ሌላ የጀርም ጠብታ ተሰጠን፣ አሁንም ያው ነው። በአራተኛው ሳምንት "ለቅላት ፍቱን ነው" የተባለ ጠብታ መጣ። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ተከፈተ፣ ቅላቱ ጠፋ፣ ልጅቷ ጨፈረች። ሳምንት ሳይሞላ ግን ዓይኗ ላይ ወተት የፈሰሰበት መሰለ።

ያ ጠብታ ዴክሳሜታዞን አለበት። ቅላትና እብጠት ስለሚያጠፋ የዳነች ያስመስላል፣ ከሥር ግን ቁስሉ እንዳይገጥም ይይዘዋል፣ ለጀርምም በር ይከፍታል፣ ሲብስ ቁስሉ እየሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዓይኑ ላይ ቁስል ካለ እንዲህ ያለ ጠብታ አይደረግም። ጥንቸል ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ከብዙ እንስሳ ይልቅ ስስ ናት። እኔ አላውቅም ነበር፣ የሸጠልኝም "ቁስል አለው ወይ?" ብሎ አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት። ጥንቸል ሙቀት አትችልም፣ ስለዚህ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለን ካርቶኗ ውስጥ አስቀመጥንላት። ተራ ስንጠብቅ ፍየል የያዙት ሰዎች ካርቶኑን እያዩ ሳቁብን። ሐኪሙ አልሳቀም። ከሁሉ በፊት ያደረገው ነገር ነው ይሄን ደብዳቤ ያጻፈኝ።

ጫፏ ብርቱካናማ የሆነች ቀጭን ወረቀት አወጣ። በንጹሕ የጨው ውኃ አርሶ የዓይኗን ጠርዝ ነካ አደረገ፣ መብራቱን አጥፍቶ ሰማያዊ ባትሪ አበራ። ዓይኗ ላይ አረንጓዴ ነገር ቦግ አለ። ቀለሙ ፍሎረሲን ይባላል። ከዓይን ፊት ያለው፣ ኮርኒያ የሚሉት እንደ መስታወት የጠራው ሽፋን፣ ደህና ሲሆን ቀለሙን አይቀበልም፣ የላይኛው ስስ ቆዳው የተላጠበት ቦታ ግን ይጠጣዋል። ይህችው ወረቀት ለሰው ዓይን ምርመራም የምታገለግል ናት። ከአምስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው ቢያደርጋት ኖሮ ያ ጠብታ ቤታችን አይገባም ነበር።

ከዚያ "ና እይ" አለኝ። አረንጓዴው ከቁስሉ ጠርዝ አልፎ ከቆዳው ሥር ገብቷል። ጠርዙ ተነሥቷል ማለት ነው፣ አልተጣበቀም።

አላምንህም ስለው ሌላ ሌላውንም ምክንያት አንድ በአንድ አየ። የዓይኗን ቆብ ገልብጦ የገለባ ስባሪ ፈለገ፣ ከውስጥ ያለውን ሦስተኛውን ቆብ ሳይቀር። ወደ ውስጥ የታጠፈ ፀጉር ካለም አየ፣ እሱ ቀን ከሌት ዓይኗን ይፍቃል፤ የትራኮማን መጨረሻ ያየ ሰው ይሄን ለማስረዳት አይቸገርም። ዓይኗን አጥብቃ መጨፈን መቻሏንም ፈተነ። ቀጥሎ አፏን ከፈተ። ለዓይን ብዬ አምጥቼ ጥርስ ምን አገባው ብዬ ነበር፣ ለካ ዋናው እሱ ሊሆን ይችላል። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል። ሣርና ድርቆሽ እያኘከች ካላሳጠረችው የላይኛው ጥርስ ሥር ወደ ላይ ይገፋና የእንባዋን ቱቦ ይጫነዋል። ቱቦው ለአንድ ዓይን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ ከታችኛው ቆብ በኩል። እሱ ከተዘጋ መግል ይቋጥራል፣ ዓይኑም አይድንም። የሐልዋ ቱቦ ክፍት ነበር፣ ቀለሙ በአፍንጫዋ ሲወጣ አየነው።

"ምን ትበላለች?" አለኝ። ዳቦና የድንች ልጣጭ አልኩት። "ገራባስ?" ሲለኝ "አቦ፣ ገራባማ ለኛም አልተረፈ" አልኩት። የዚያን ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ግን ዳቦውን አስጥሎ ሣርና ድርቆሽ አዘዘላት።

ሌላው ምክንያት ሁሉ ሲወድቅ የቀረው ያ የተነሣው ጠርዝ ነው። ከዳር በኩል አዲስ ቆዳ ይበቅላል፣ ቁስሉን ይሸፍናል፣ ከሥሩ ያለውን ግን አይዝም። ስታርገበግብ ይነሣል። እንደገና ይበቅላል፣ እንደገና ይነሣል። ይሄ በሽታ በውሾች፣ በተለይ ቦክሰር በሚባሉት፣ በደንብ የታወቀ ነው አለኝ። ጥንቸልም ይይዛታል። ጀርም አይደለም፣ ስለዚህ የጀርም ጠብታ ብትቀያይርበት ቆዳውን አያጣብቅልህም።

እኔ ዕድሜዬን የበላሁት ቀለም ስቀባ ነው፣ ከፊሉንም የምድር ባቡር ፉርጎ ላይ። "ገባኝ" አልኩት። የተላጠ ቀለም ላይ ምንም ዓይነት ጥሩ ቀለም ብትደርብበት አብሮ ይነሣል። መጀመሪያ ልቅ የሆነውን ትፈቀፍቃለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ትሞርደዋለህ፣ ከዚያ ነው አንቲረስቱ የሚይዘው። "በቃ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

የሠራውም ያንኑ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረገላት፣ ልጅቷ በፎጣ ጠቅልላ ያዘቻት። ጫፉ ላይ ደረቅና ንጹሕ ጥጥ ባለበት እንጨት ከመሀል ወደ ዳር ቀስ እያለ ጠረገ። የተጣበቀው ደህናው ቆዳ አይነሣም፣ ልቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው የሚመጣው። አስደነገጠኝ፤ ቁስሉ ካመጣነው ሁለት እጥፍ ሆነ። "እንዲህ ነው የሚሆነው" አለኝ። አንዳንዱ ሐኪም ከዚህ አልፎ በቀጭን መርፌ መረብ የመሰለ ጭረት ያደርግበታል፣ ወይ አልማዝ በተለበጠ ትንሽ መሣሪያ ይሞርደዋል።

ይሄን ያነበበ ሰው ቤቱ እንዳይሞክረው በአላህ በሉልኝ። የጥንቸል ኮርኒያ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቁስሉ ጠልቆ ከሆነ፣ ወይ ጀርም ካለበት፣ ጥጥ ማስነካት ዓይኑን መብሳት ነው፣ ይሄን የሚለየው ሐኪም ብቻ ነው። የሚያደነዝዘውን ጠብታም እየለመናችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። ሕመሙ ይጠፋል፣ ሲደጋገም ግን ራሱ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

ቤት የገባን ዕለት ጭንቁ ሌላ ነበር። ዴክሳው ቀረ፣ በምትኩ ከጀርም የሚጠብቅ ጠብታና በክብደቷ ልክ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት። እንዳትቧጥጠው ባልዲ የሚመስል መከለያ አንገቷ ላይ ታሰረ። ጥንቸል ግን የራሷን ለስላሳ በጠጥ ከመቀመጫዋ መልሳ ትበላለች፣ አስቀያሚ ቢመስልም ሆዷ የሚሠራው በሱ ነው፣ መከለያው ደግሞ አያደርሳትም። ስለዚህ ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ እየጠበቀች መከለያውን ትፈታላታለች። ዋናው ፍርሃት የነበረው እንዳትበላ ነው። ያመማት ጥንቸል መብላት ታቆማለች፣ ግማሽ ቀን ካልበላችና በጠጥ ካልጣለች ሆዷ ቆሟል ማለት ነው፣ እስከ ነገ አይባልም። ጎረቤቴ በቅን ልቦና "አሞክሲሲሊን አጠጧት" አለችኝ። በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን የጥንቸልን የሆድ ጀርም አዛብቶ ሊገድላት ይችላል፣ እግዜር ይስጠው ሐኪሙ ቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ወረቀቷ ስትነካ አረንጓዴው የምስር ፍሬ አክሎ ነበር። ሐኪሙ መጥረጉን አንዴ ደገመው። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ባትሪው ሲበራ ዓይኗ ጨለማ ሆኖ ታየ፣ ምንም አረንጓዴ የለም። ልጅቷ "አባባ፣ አልበራም!" ብላ ጮኸች፣ ፍየል የያዙት ሰዎች ምን ተገኘ ብለው ዞሩ።

እንግዲህ አዘጋጁ፣ የምጠይቅህ ይሄን ነው። ያ ምክር በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ "በሳምንት ካልተሻለው መድኃኒቱን ቀይሩ" የሚለውን አንሡና "በቀለም አስመርምሩት" በሉ። ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ሳይመረመር አታድርጉ የሚልም ጨምሩበት። ከፋርማሲ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም፣ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ ነው የምለው።

ሐልዋ ግራ ዓይኗ ላይ ጭጋግ የመሰለች ነጥብ ቀርታለች። በዚያ በኩል ስመጣባት ትንሽ ትደነግጣለች፣ ስለዚህ አሁን በቀኝ ነው የምመጣው።

ከዚራ፣ ድሬዳዋ
ጡረታ የወጣሁ ቀለም ቀቢ