አያቶች የሚያነቡበት አንድ ቀን፦ ለጆርጅስ ደሴት ጉዞ የድጋፍ ጥሪ

ቦስተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፣

ባለፈው ሰመር እናቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ከሎንግ ዋርፍ ጀልባ ተሳፈርን። እናቴ ያደገችው ጎንደር ነው፤ ከጣና ሌላ ሰፊ ውኃ አታውቅም። «በስመ አብ» ብላ ገባች። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አጥብቃ ጠመጠመች። እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

የሄድነው ጆርጅስ ደሴት ነው። ቦስተን ወደብ ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ላይዋ ላይ ፎርት ዋረን የሚባል ትልቅ የድንጋይ ምሽግ አለ። 12 ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ።

የምሽጉ ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1833 ነው። አምስት ማዕዘን አለው። ግራናይቱ ከኩዊንሲና ከኬፕ አን እየተፈለጠ ነው የመጣው። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች «ይሄን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸክሞ አሻገረው?» አለች። የሚያስረዳው ጽሑፍ እዚያው ተለጥፏል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት ጊዜ ምሽጉ እስር ቤት ነበር። ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት (ኮንፌዴሬሽን) ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ለወራት የታሰረው እዚህ ነው። ይህ ሰው በ1861 ሕዝብ ፊት ቆሞ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም፣ የአዲሱ መንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይም ይኸው ነው ብሎ የተናገረ ነው። ልጄ ይህን ለአያቱ ሊነግራት ሞከረ። አማርኛው አልበቃው አለ። እኔ ጣልቃ ገብቼ እንደምንም ተረጎምኩ።

እናቴ ትንሽ አሰበችና «እንደ ወህኒ አምባ በለኛ!» አለችው። ከዚያ ቁጭ ብላ አወራችለት። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ ወህኒ የሚባል ገደላማ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለውም ከዚያ ተነስተን ነው አለችው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማት። በመልሱ ጉዞ እየተኮላተፈ በአማርኛ ሲጠይቃት፣ ስትመልስለት፣ ሎንግ ዋርፍ ደረስን። እጄንም ረስታዋለች።

ልጆቻችን ሁልጊዜ ለአያቶቻቸው አስተርጓሚ ናቸው። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ስልክ ሲደወል። አያት ዝም ብላ ትጠብቃለች። ያን ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የምታውቀው አያት ሆነች። ይህ ለሌሎች ልጆችም እንዲደርስ እንፈልጋለን።

ስለዚህ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ወላጆች ተሰብስበን አንድ ሥራ ጀምረናል። በትልልቅ ፊደል የሚታተም፣ 24 ገጽ ያለው የአማርኛ መምሪያ እያዘጋጀን ነው። የግንቡ ታሪክ፣ የእስረኞቹ ታሪክ፣ ወህኒ አምባም አለበት። ጥቁር የለበሰች ሴት ምሽጉ ውስጥ ትታያለች የሚለውን የቆየ ተረት ልጆቹ ራሳቸው ካልገባ ብለውናል፤ ገብቷል። ከዚያ በጁላይ አንድ ቅዳሜ 40 ልጆችን ከአያቶቻቸው ጋር ይዘን እንሄዳለን። ደሴቱ ላይ የሚያነቡት አያቶች ናቸው።

የሚያስፈልገን 3,500 ዶላር ነው። እስካሁን ከወላጆች 900 ተዋጥቷል። ደሴቱ ራሱ መግቢያ አይጠይቅም፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ለጀልባ ትኬት ነው። ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ላይ አያት ሲጨመር ይከብዳል። አቅም የሌለው ቤተሰብ በዚህ ምክንያት እንዲቀር አንፈልግም። የቀረው ለኅትመትና በባቡር መምጣት ለማይችሉ አረጋውያን ሚኒባስ ነው። ምሳ አንገዛም፤ ሁሉም ከቤቱ ቋጥሮ ይመጣል፣ ሣሩ ላይ አብረን እንበላለን።

አምስት ዶላርም ብትሆን አታሳንሷት። ገንዘቡን ቅዳሜ ጠዋት ከክፍል በፊት ለገንዘብ ያዣችን መስጠት ይቻላል፤ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ። የገባውና የወጣው ከጉዞው በኋላ ባለው ሳምንት በወላጆች ስብሰባ ይነበባል። ትኬቱን ቀድመን መያዝ ስላለብን እስከ ሜይ መጨረሻ ብታደርሱልን ደስ ይለናል።

ገንዘብ የሌለው በእጁ ይርዳን። ረቂቁን የሚያርም ሰው እንፈልጋለን። ለምሳሌ ምሽጉን የከበበውን ውኃ የሌለበት ጉድጓድ «ቦይ» ብለነዋል፤ የተሻለ ቃል ያለው ይንገረን። መኪና ያለው ሁለት አረጋውያንን ከቤት ወደ ጀልባው ማድረስ ይችላል። የምሽጉ ውስጠኛ መተላለፊያዎች ድቅድቅ ጨለማ ስለሆኑ የእጅ ባትሪም እንሰበስባለን። ቤታችሁ ተቀምጦ የሚሠራ ካለ ቅዳሜ ይዛችሁልን ኑ።